ቫይብራፎኑ ሥር ያለችው ሞተር

ቫይብራፎን፣ ማለትም ብረቶች ተደርድረውበት ከየሥራቸው ቱቦ የተንጠለጠለበት በመምቻ የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው መምቻዎቹ ላይ ነው። አይፈረድበትም። ሰውዬው በሁለት እጁ አራት መምቻ ይዞ በዚያ ሁሉ ብረት ላይ ሲሮጥ ማየት ደስ ይላል። እኔ ግን ሥራዬ ሳውንድ ስለሆነ መጀመሪያ የማየው ጎኑ ላይ የተሰካችውን ሞተር ነው። ማይክ የምተክለው እኔ ነኝ። ሞተሯ ሲጢጥ ካለችም የምሰደበው እኔ ነኝ።

ሞተሯ ትንሽዬ ናት። በቀጭን ቺንጋ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ታዞራለች። ዘንጎቹ ከብረቶቹ ሥር፣ ልክ በቱቦዎቹ አፍ ላይ ያልፋሉ። በየቱቦው አፍ ደግሞ ዘንጉ ላይ የተጣበቀች አንዲት ክብ ቆርቆሮ አለች። ዘንጉ ሲዞር ቆርቆሮዋ አንዴ ጠፍጣፋ ተኝታ ቱቦውን ትዘጋለች፣ አንዴ በጎኗ ቆማ ትከፍታለች። በአንድ ሙሉ ዙር ሁለቴ ትዘጋለች፣ ሁለቴ ትከፍታለች። ያ ሁላችንም የምንወደው "ዋው ዋው ዋው" የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የለበትም። ሞተሯን በእጅ ብታዞራትም ያው ነው።

ቱቦው ባይኖር ብረቱ ብቻውን ድምፁ ደካማ ነው። ከታች የተደፈነ ቱቦ ውስጥ ያለ አየር ርዝመቱ የድምፁን ሞገድ ሩብ ሲያክል አብሮ ይጮኻል። በተለመደው ቫይብራፎን ላይ የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ በሰከንድ 175 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ የዚህ ሞገድ ርዝመት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ሩቡ 49 ሴንቲሜትር ነው። በቀጭኑ ጫፍ ያለው ቱቦ ግን 6 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። ታዲያ ከተመልካች በኩል የሚታዩት ቱቦዎች በቀጭኑም በኩል ለምን ይረዝማሉ? ለውበት ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው መሃል ላይ ተደፍኗል፤ ከዚያ በታች ያለው ጌጥ ነው።

መንገዴን ልሳትና፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ቀስ ብሎ ይሄዳል የሚሉ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። አይደለም። የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው፤ መሳሳቱ ብቻውን ለውጥ አያመጣም። ድሬዳዋ ላይ ድምፅ ከአዲስ አበባ የሚፈጥነው ስለሚሞቅ ነው።

ወደ ሞተሯ እንመለስ። ቫይብራፎን አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹ የተወለደ መሣሪያ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከጥንት ጀምሮ ተጫዋቾቹ በሞተሯ ፍጥነት አይስማሙም። ላየነል ሃምፕተን በሰከንድ 10 ዙር ገደማ ያስኬዳት ነበር ይባላል፤ ድምፁ ይንዘፈዘፋል። ሚልት ጃክሰን ወደ 3.3 ዙር አወረዳት፤ የሱ ድምፅ የሚተነፍስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጋሪ በርተን ደግሞ ሞተር የሚባል ነገር አልፈልግም ብሎ አጠፋት። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ እኔ ግን የጃክሰን ወገን ነኝ።

እኛ አገር ቫይብራፎን ሲባል የሙላቱ አስታጥቄ ስም አብሮ ይመጣል። ጅማ ተወልደው፣ እንግሊዝ ተምረው፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ይህን መሣሪያ ከኛ ቅኝቶች ጋር ያጋቡት እሳቸው ናቸው። ከሳቸው በኋላ የመጡትን ወጣቶች መድረክ ላይ ሳገለግል አንድ ነገር አስተውያለሁ። ትዝታ ላይ ሞተሯ ቀስ ብላ ስትዞር ያምርባታል፤ ድምፆቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ መወዛወዙን ይሸከሙታል። አንቺሆዬ ላይ ግን ድምፆቹ አንዳንድ ቦታ ግማሽ እርምጃ ብቻ ነው የሚራራቁት። ድምፁን የሚያስረዝመው ፔዳል ተረግጦ ሞተሯ በፍጥነት ስትዞር ሁሉም ይቦካል። "አጥፋት በናትህ" እላለሁ ከሚክሰሩ ኋላ። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ አይሰማም።

ለምን ይቦካል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በሰከንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ አለን እንበል። ቆርቆሮዋ በሰከንድ 6 ጊዜ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ጆሯችን የሚሰማው አንድ ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ብታዩት ግን ሦስት መስመር ታገኛላችሁ፦ 440፣ ግራና ቀኙ ደግሞ 434 እና 446። ሁለቱን ማንም አልመታቸውም። የወለዳቸው መዞሩ ነው። ዙሩ ቀርፋፋ እስከሆነ ድረስ ሦስቱ ተቃቅፈው ስለሚቀመጡ ጆሮ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ዙሩ ሲፈጥን ይራራቃሉ። መጀመሪያ ሻካራነት ይሰማል። ከዚያም የተለየ ድምፅ ሆነው ብቻቸውን ይወጣሉ።

ይህን በደንብ የሚያውቀው የድሬ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ቬንትሌተር ፊት ቁጭ ብሎ "አአአአ" ያላለ የድሬ ልጅ ካለ ይቅረብ። ድምፁ ሮቦት ይሆናል። ባለ ሦስት ክንፍ ቬንትሌተር በደቂቃ 1,200 ዙር ቢዞር በሰከንድ 20 ዙር ነው። በያንዳንዱ ዙር ሦስት ክንፍ አፋችን ፊት ስለሚያልፍ በሰከንድ 60 ጊዜ ድምፃችንን ይመታዋል፤ ከፊሉን ወደኛ ይመልሳል፣ ከፊሉን ያሳልፋል። የምናሰማው ድምፅ 200 ሄርትዝ (በሰከንድ 200 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ) ከሆነ ጎኑ ላይ 140 እና 260 ይበቅላሉ። በጉሮሯችን ውስጥ ያልነበሩ ድምፆች ናቸው። ከ200ው ጋርም በሙዚቃ አይስማሙም። ያ ብረት ብረት የሚል ቃና እነሱ ናቸው።

አንድ ጋዜጠኛ ጓደኛ አለኝ። ድሬዳዋ ሄዶ የድሮ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ አባት ቃለ መጠይቅ ያደርግና በስልኩ ቀድቶ ላከልኝ። "ድምፁ ይርገበገባል፣ አስተካክልልኝ፤ ስልኬ ተበላሽቶ መሆን አለበት" ይላል። ሰማሁት። ሰውዬው ሲናገሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን የእርጅና መንቀጥቀጥ አይደለም፣ ልኩ አይዛነፍም። ፋይሉን ከፍቼ ሞገዱን አጎላሁት። "አ" ብለው ሲስቡ ከላይ ያለው ጠርዝ እኩል እኩል ይበላል። ቆጠርኩት፤ በሰከንድ አሥር ገደማ ነው። ደወልኩለት።

"ስማ፣ የጣራ ቬንትሌተር ሥር ነው እንዴ የቀዳሃቸው?"

"አዎ። በምን አወቅክ?"

"ሦስት ክንፍ ነው ያለው?"

ትንሽ ዝም አለ። "ሦስት ነው።"

"እንግዲያው በደቂቃ 200 ጊዜ ገደማ ሲዞር ነበር።"

"አንተ ሰውዬ ጠንቋይ ነህ እንዴ?"

ጥንቆላ የለበትም። አሥሩን ለሦስት አካፍል፣ በስልሳ አባዛ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ጣራውን እያየ አስቀምጦታል። የሽማግሌው ድምፅ አንዱ በቀጥታ ወደ ስልኩ ይገባል፣ ሌላው ጣራው ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ክንፉ ሲያልፍ የሚነጥረውን መንገድ ይቆርጠዋል። ሁለቱ ስልኩ ላይ ሲገናኙ አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጣላሉ። በዚህ ላይ ከክንፉ የሚወርደው ነፋስ ማይኩን ይገፋዋል።

"በቃ ሌላ ጊዜ ስትቀዳ አጥፋው" አልኩት።

"አጥፍቼ ሰውዬው በላብ ይለቁ?"

እውነቱን ነው፤ ድሬ ናት። ስልኩን ወደ አፋቸው እንዲያስጠጋው፣ ሥሩም ወፍራም ጨርቅ እንዲያነጥፍ ነገርኩት። በቀጥታ የሚመጣው ሲጎላ የሚነጥረው ኃይል ያጣል። ሁለተኛው ቅጂ በጣም ይሻላል። የመጀመሪያውን ግን ሙሉ በሙሉ ማጽዳት አልቻልኩም። ጫጫታ ቢሆን ኖሮ እቀንሰው ነበር። ይሄ ግን ከሰውዬው ድምፅ ጋር ተባዝቷል። የተደመረ ነገር ይቀነሳል፤ የተባዛን መፍታት ሌላ ጣጣ ነው።

እዚሁ ላይ ሳይረን እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ ልበል። ፈረንሳዊው ካኛር ዴ ላ ቱር በ1819 የሠራው መሣሪያ ቀዳዳ የበዛበት የሚዞር ሳህን ነው። አየር ከሥር ይነፋበታል። ቀዳዳው ሲገጥም አየሩ ይወጣል፣ ሲያልፍ ይታፈናል። አሥር ቀዳዳ ያለው ሳህን በሰከንድ 44 ጊዜ ሲዞር 440 ይሰማል። እዚህ መጀመሪያውኑ የሚቆረጥ ድምፅ የለም፤ መቆራረጡ ራሱ ድምፅ ሆነ። ሠርግ ላይ ከራሳችን በላይ የሚያንዣብበው ድሮን የሚያሰማው ነገርም የዚሁ ዘመድ ነው። ቪዲዮ ኤዲተሮች ለምን ሁልጊዜ ሙዚቃ እንደሚደርቡበት አሁን ገባችሁ።

እስካሁን የመዝጋትና የመክፈት ነገር ነው ያወራነው። ድምፅ የሚወጣበት ነገር ራሱ ሲዞርስ?

ዶናልድ ሌስሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1937 የሃሞንድ ኦርጋን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ኪቦርድ) ገዛ። ሱቅ ውስጥ ሲሰማው ልቡን ወስዶታል። ቤቱ ሲያስገባው ግን ደረቀበት። የሱቁ አዳራሽ ሰፊ ነው፣ ድምፁ ከየአቅጣጫው እየነጠረ ይመጣል፤ ቤቱ ደግሞ ጠባብ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ኦርጋኑን ይመልሳል። እሱ ግን ድምፅ የሚወጣበትን ነገር በሞተር ማዞር ጀመረ። በሠራው የስፒከር ሣጥን ውስጥ ከ800 ሄርትዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ወደሚዞር ሆርን (መለከት መሰል አፍ) ይሄዳል። ወፍራሙ ወደ ታች ወርዶ በሚዞር ከበሮ ውስጥ ያልፋል። ላዩ ላይ ሁለት ሆርን ይታያል፤ ድምፅ የሚወጣው ግን ከአንዱ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሚዛን መጠበቂያ ነው፤ እሱ ባይኖር ሣጥኑ እየተንቀጠቀጠ ከቦታው ይሄዳል። የሃሞንድ ኩባንያ ለብዙ ዓመት ፊት ነሳው። ሙዚቀኞቹ ግን ሳጥኑን ተሻምተው ገዙት።

ሆርኑ ሲዞር አፉ አንዴ ወደኛ ይመጣል፣ አንዴ ይሸሻል። ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲሸሽ ይወፍራል። የኦስትሪያው ክርስቲያን ዶፕለር ይህን በ1842 ጽፎታል። ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት በ1845 ዩትሬክት አጠገብ መለከት ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍሮ ጆሯቸው የተፈተነ ሙዚቀኞችን ሃዲዱ ዳር አቁሞ አረጋገጠው። በፊዚክስ ታሪክ ውስጥ ብገኝ ብዬ የምመኘው ፈተና ቢኖር ይሄ ነው፤ መለከት፣ ባቡር፣ ክርክር።

የሆርኑን ሒሳብ እንሥራው። አፉ ከመሃሉ 20 ሴንቲሜትር ቢርቅና በደቂቃ 400 ጊዜ ቢዞር ጫፉ በሰከንድ 8.4 ሜትር ይሄዳል። ከድምፅ ፍጥነት ጋር ሲነጻጸር 2.4 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ 440 ሲመጣ 451፣ ሲሄድ 429 ሆኖ ይሰማል። ለውጡ ከግማሽ እርምጃ ግማሽ በትንሹ ያንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ጆሮ ግን አያልፈውም። ቀርፋፋው ፍጥነት ላይ፣ በደቂቃ 48 ዙር ገደማ፣ ለውጡ ወደ 0.3 በመቶ ይወርዳል፤ የሚሰማው ስፋት ብቻ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን በሁለቱ ፍጥነቶች መሃል ያለው ሽግግር ነው። ተጫዋቹ ማብሪያውን ሲነካ ሆርኑ ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይፈጥናል። ከበሮው ከባድ ስለሆነ ጥቂት ሰከንድ ይጎተታል። ለዚያች ቅጽበት ቀጭኑና ወፍራሙ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ። ዛሬ ሠርግ ላይ የምናየው ኪቦርድ ሁሉ ይህን በቺፕ ያስመስላል። ርካሾቹን የምለይበት መንገድ ይሄው ነው፤ ሁለቱንም እኩል ያፈጥኗቸዋል። ቁልፏ ስትነካ ሙሽራው ባይሰማውም እኔ ይሰማኛል።

አሁን ወደ መጨረሻው፣ ሰሞኑን እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር። እስካሁን የሚዞረው ነገር ድምፁን ቆረጠ፣ ቀየረ፣ ከጎኑ አዲስ ወለደ። ያጎላዋልስ? አምፕሊፋየር ሳይኖር?

ነገሩ የሚጀምረው ከሰማይ ነው። የፊዚክስ ሊቁ ሮጀር ፔንሮዝ በ1969 ከሚዞር ብላክ ሆል ጉልበት ማውጣት ይቻላል አለ። ሶቪየቱ ያኮቭ ዜልዶቪች በ1971 ብላክ ሆል የግድ አይደለም፣ የሚዞር የብረት ሲሊንደርም ይበቃል፣ የሚመጣበትን ሞገድ አጉልቶ ይመልሳል አለ። ችግሩ፣ ሞገዱ እየተጠመዘዘ ነው የሚመጣው፤ ሲሊንደሩ ከዚያ ጥምዝ በላይ ፈጥኖ መዞር አለበት። ለብርሃን ሲሆን በሰከንድ ቢሊዮን ዙር ገደማ ይጠይቃል። የትኛው ቺንጋ ይችለዋል?

የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከብርሃን ይልቅ ድምፅን መረጡ፤ ውጤቱንም በ2020 አወጡ። ስፒከሮችን በክብ ደረደሩ። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ዘግይቶ እንዲጮኽ አደረጉ፤ እኛ ሳውንድ ሰዎች ዲሌይ የምንለው ነው፣ በየኮንሰርቱ እንሠራዋለን። በዚህ ጊዜ ድምፁ እንደ ብሎን ጥርስ እየተጠመዘዘ ይመጣል። ፊት ለፊቱ የሚዞር የስፖንጅ ዲስክ አቆሙ። ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል፤ ስቱዲዮ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ለዚሁ ነው። ከስፖንጁ ኋላ ማይክ አሰሩ፤ ማይኩም አብሮ ይዞራል።

ቁጥር እናስገባበት። ድምፁ 60 ሄርትዝ ነው፣ ጥምዙ አራት ክንድ አለው እንበል። ጥምዙ በሰከንድ 15 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ዲስኩ በዚያው አቅጣጫ መዞር ሲጀምር ማይኩ ከድምፁ ጋር ስለሚሮጥ የሚሰማው ይወፍራል። በሰከንድ 10 ዙር ላይ 20 ሄርትዝ ይቀራል። 15 ላይ ዜሮ፣ ጸጥ። ከዚያ በላይ ዲስኩ ጥምዙን ይቀድመዋል። ማይኩ ድምፁን እንደገና ይሰማዋል፤ ግን ጥምዙ ወደ ኋላ ሲሄድ ነው የሚያገኘው። 30 ዙር ላይ መልሶ 60 ይሆናል።

ያን ጊዜ የስፖንጁ ባሕርይ ይገለበጣል። ይውጥ የነበረው መስጠት ይጀምራል። በሙከራቸው ድምፁ ዲስኩ ቆሞ ሳለ ከነበረው እስከ 30 በመቶ ጎልቶ ተሰማ። ስፖንጅ! የሰውን ድምፅ እንዲገድል በካሬ የምንገዛው ስፖንጅ!

ይህን ለአንድ ቫይብራፎን ተጫዋች ስነግረው "ታዲያ እኔም ሞተሯን ባፈጥናት ማይክ አያስፈልገኝም ማለት ነው?" አለኝ። አይ። የሱ ድምፅ ጥምዝ የለውም፤ በቀጥታ ነው ወደ ቱቦው የሚወርደው። ደግሞም ቢሆን ጉልበቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ዲስኩን የሚያዞረው ሞተር ያን ያህል ተጨማሪ ይሠራል፣ ሞተሩ ከሶኬት ይስባል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል።

በ2024 ደግሞ የዚያው ቡድን ሰዎችና ሌሎች ሆነው ነገሩን በሚዞር የአሉሚኒየም ሲሊንደርና በኤሌክትሮማግኔት መስክ አሳዩት፤ ዜልዶቪች እንዳለው፣ በብረት። ስለሱ ለመጻፍ ግን መጀመሪያ ስለ ኢንዳክሽን ሞተር ማውራት አለብኝ። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው።